ከሰከላ እስከ ሊዬቨን፦ ጌትነት ዋለ እና የግማሽ ሜትር ክርክር

ሊዬቨን በሰሜን ፈረንሳይ የምትገኝ የቀድሞ የድንጋይ ከሰል ማውጫ ከተማ ናት። የካቲት 2 ቀን 2013 ዓ.ም. ምሽት በቤት ውስጥ ስታዲየሟ ተመልካች አልነበረም፤ ኮሮና ሁሉንም ከቤት አውሎታል። በዚያ ጭር ባለ አዳራሽ፣ 200 ሜትር በሆነው መም ላይ 15 ዙር የሚሮጠውን የ3 ሺህ ሜትር ውድድር የ20 ዓመቱ ጌትነት ዋለ በ7 ደቂቃ ከ24 ሰከንድ ከ98 መቶኛ አንደኛ ሆኖ ጨረሰ። ኬንያዊው ዳንኤል ኮመን በ1990 ዓ.ም. ቡዳፔስት ላይ ያስመዘገበው የቤት ውስጥ የዓለም ክብረ ወሰን 7:24.90 ነበር። በመካከላቸው ያለው 8 መቶኛ ሰከንድ ነው። በዚያ ፍጥነት ለሚሮጥ ሰው ይህ በርቀት ሲሰላ ከግማሽ ሜትር ብዙም አያልፍም።

ዘንድሮ ያ ምሽት 5 ዓመት ሞላው። ብዙም አልተወራለትም። ያኔም ቢሆን አልተወራለትም፤ በዚያው ምሽት በዚያው መም ላይ ጉዳፍ ፀጋይ የ1,500 ሜትር የቤት ውስጥ ክብረ ወሰንን በ3:53.09 ሰብራ ስለነበር የጋዜጦቹ ርዕስ የእሷ ሆነ። ይገባታል። ከጎኗ የተሠራው ግን ትንሽ ነገር አልነበረም። ሻለቃ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በ1990 ዓ.ም. ካርልስሩኸ ላይ የሮጠው 7:26.15 ለ23 ዓመት የኢትዮጵያ የቤት ውስጥ ክብረ ወሰን ሆኖ ቆይቶ ነበር። ኃይሌ በዚያው ዓመት ብራስልስ ላይ ከቤት ውጭ ያስመዘገበው ሰዓት 7:25.09፣ የቀነኒሳ በቀለ ምርጥ ደግሞ 7:25.79 ነው። ጌትነት ሁሉንም አልፏቸዋል። እስከዚያ ምሽት ድረስ በቤት ውስጥም ሆነ በሜዳ 3 ሺህ ሜትርን ከእሱ ፈጥኖ የጨረሰ ኢትዮጵያዊ አልነበረም። ተከትለውት የገቡትም ሰለሞን ባረጋ በ7:26.10፣ ለሜቻ ግርማ በ7:27.98፣ በሪሁ አረጋዊ በ7:29.24 ነበሩ።

ጌትነት ሐምሌ 9 ቀን 1992 ዓ.ም. የተወለደ የምዕራብ ጎጃም ልጅ ነው፤ አገሩ ሰከላ። ከፍኖተ ሰላም ቡሬ፣ ከቡሬ ቲሊሊ ደርሶ ወደ ግሽ ዓባይ የሚታጠፈውን መንገድ የያዘ ሰው የሚወጣበት ደጋ ነው፤ ገብስና ድንች የሚበቅልበት፣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,700 ሜትር የሚያልፍ ብርዳም አገር። ሰከላን ዓለም የሚያውቃት በሯጮች አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1618 ስፔናዊው ፔድሮ ፓኤዝ ከአፄ ሱስንዮስ ጋር መጥቶ የዓባይን ምንጭ አየ፤ በ1770 ደግሞ ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ እዚያው ደርሶ ከኔ በፊት አውሮፓዊ አላየውም ሲል ተከራከረ። የአካባቢው ሰው በበኩሉ ምንጩን ከሁለቱም በፊት ጠበሉ አድርጎ ይጠመቅበት ነበር።

ወደ ሩጫው እንመለስ። ጌትነት 16 ዓመት በሞላው በቀናት ውስጥ፣ በሐምሌ 2008 ዓ.ም.፣ በፖላንዷ ቢድጎሽች በተካሄደው የዓለም ከ20 ዓመት በታች ሻምፒዮና በ3 ሺህ ሜትር መሰናክል 8:22.83 ሮጦ ነሐስ አጠለቀ። ከፊቱ የገቡት ኬንያዊው አሞስ ኪሩይና ኤርትራዊው የማነ ኃይለሥላሴ ነበሩ። ከሁለት ዓመት በኋላ በፊንላንዷ ታምፔሬ ያገሩ ልጅ ታከለ ንጋቴ ሲያሸንፍ እሱ እንደገና ነሐስ አገኘ። ፊንላንድ ራሷ በአንድ ወቅት የመሰናክል ሩጫ አገር ነበረች፤ እ.ኤ.አ. ከ1924 እስከ 1936 በተካሄዱት አራት ኦሊምፒኮች የርቀቱን ወርቅ ያስገቡት ፊንላንዳውያን ናቸው፤ በ1928 ደግሞ ሦስቱንም ሜዳሊያ ጠራርገው ወስደዋል። ኋላ ኬንያውያን ከሜክሲኮ ኦሊምፒክ ጀምሮ እስከ ቶኪዮው ዋዜማ በተሳተፉበት ሁሉ አሸነፉ። ኢትዮጵያ በዚህ ርቀት ያላት የኦሊምፒክ ታሪክ አጭር ነው፤ በ1972 ዓ.ም. ሞስኮ ላይ እሸቱ ቱራ ያመጣው ነሐስ ለ41 ዓመታት በወንዶች ብቸኛው ሜዳሊያ ሆኖ ቆየ።

በጳጉሜን 2011 ዓ.ም. ጌትነት ገና በ19 ዓመቱ ብራስልስ ላይ በተደረገው የዳይመንድ ሊግ ፍጻሜ በ8:06.92 አሸነፈ። ሞሮኳዊው ሱፊያን ኤል ባካሊ ከኋላው ነበር። የዋንጫው አሸናፊ 50 ሺህ ዶላር የሚያገኝበት ዘመን ነው። ከዚያ በኋላ የሆነው ነው እስካሁን የሚያከራክረው።

መስከረም 23 ቀን 2012 ዓ.ም. በዶሃው የዓለም ሻምፒዮና ኬንያዊው ኮንሴስለስ ኪፕሩቶ ለሜቻ ግርማን በአንድ መቶኛ ሰከንድ የቀደመበት ያ አንገት ለአንገት ፍልሚያ በሁሉም ዘንድ ይታወሳል። በዚያ ውድድር አራተኛ የገባው ጌትነት ነበር፤ ከነሐሱ የራቀው በ1.45 ሰከንድ ነው። ሐምሌ 26 ቀን 2013 ዓ.ም. በቶኪዮ ኦሊምፒክ ኤል ባካሊ የኬንያን የበላይነት ሲያበቃና ለሜቻ ብሩን ሲወስድ፣ አራተኛ ጌትነት፤ ከነሐሱ 3.52 ሰከንድ። በሐምሌ 2014 ዓ.ም. በአሜሪካዋ ዩጂን በዓለም ሻምፒዮና፣ አራተኛ ጌትነት፤ ልዩነቱ ይህን ጊዜ 0.76 ሰከንድ ብቻ።

ሦስት ጊዜ አራተኛ። አንዳንዶች ይህን የዕድል ጉዳይ አድርገው ያልፉታል፤ ዘመኑ የለሜቻና የኤል ባካሊ ነበር ይላሉ። እውነት አለው። ሌሎች ደግሞ ልጁ ከመጀመሪያውም በተሳሳተ ርቀት ላይ ቆየ ባዮች ናቸው። ቁጥሮቹን ጎን ለጎን ላስቀመጠ ሰው ሁለተኛው ሐሳብ ይከብዳል።

ሊዬቨን ላይ፣ ምንም በሌለበት መም፣ ጌትነት ለሜቻን የቀደመው በ3 ሰከንድ ነው። ከስድስት ወር በኋላ ቶኪዮ ላይ፣ በመሰናክሉ፣ ለሜቻ ጌትነትን በ4.59 ሰከንድ ቀደመው። ሁለቱ ውድድሮች ርቀታቸው አንድ ነው፤ ልዩነታቸው 28ቱ አጥርና 7ቱ የውሃ ጉድጓድ ነው። የሁለቱን ቀን የሰከንድ ልዩነቶች ድምር ለ35 ካካፈሉት በእያንዳንዱ ዝላይ ወደ 2 አስረኛ ሰከንድ ይደርሳል። የመሰናክሉ አግዳሚ እንጨት 91.4 ሳንቲ ሜትር ከፍታ አለው፤ እንደ አጭር ርቀት መሰናክል ሲነኩት አይወድቅም። ውሃው ጋ ሯጩ አንድ እግሩን አግዳሚው ላይ አሳርፎ ይስፈነጠራል፤ 3.66 ሜትር ርዝመት ባለው ጉድጓድ ጥልቀቱ ወደሚሳሳበት ዳር ለመድረስ። እርምጃው አንድ ጫማ ቀድሞ ወይም ዘግይቶ ከመጣ ትንፋሹም ምቱም ይቆረጣል፤ ያንን ለመመለስ የሚወጣው ጉልበት መጨረሻው ዙር ላይ ይጎድላል።

እርግጥ የቶኪዮ ሙቀትና ወበቅ፣ የፍጻሜ ውድድርም ታክቲክ አለ። ሁለት ቀን ማወዳደር ሁሉንም አይናገርም። ሰኔ 1 ቀን 2013 ዓ.ም. በሆላንዷ ሄንጌሎ የተደረገው የኢትዮጵያ የኦሊምፒክ ማጣሪያ ግን ሦስተኛ ማስረጃ ይጨምራል፤ ጌትነት እዚያ 5 ሺህ ሜትርን በ12:53.28 አንደኛ ሆኖ ጨርሷል። በዚያ ዓመት መሰናክል በሌለበት መም የሮጣቸው ሁለቱ ትልልቅ ውድድሮች ሁለቱም በድል ያለቁ ናቸው። ሊዬቨን ላይ ሁለተኛ የወጣው ሰለሞን ባረጋ በዚያው ክረምት በ10 ሺህ ሜትር የኦሊምፒክ ሻምፒዮን ሆነ።

በተቃራኒው የሚቀርበው መከራከሪያ ለሜቻ ራሱ ነው። የካቲት 8 ቀን 2015 ዓ.ም. በዚያው በሊዬቨን የኮመንን ክብረ ወሰን በ7:23.81 የሰበረው እሱ ነው፤ በዚያው ዓመት ፓሪስ ላይ የመሰናክሉን የዓለም ክብረ ወሰንም 7:52.11 አደረሰው። ሁለቱንም መሥራት ይቻላል ማለት ነው። ለለሜቻ ይቻላል። እንደ እሱ አጥር የሚያልፍ ሰው በትውልድ አንዴ የሚገኝ ነውና፣ የሱን መመዘኛ በሌላው ላይ መጫን ፍርዱን ያዛባል።

የጫማው ነገርም ተነስቶ ነበር። ያ ጊዜ አዲሶቹ ወፍራም ሶል ያላቸው የመም ጫማዎች የመጡበት ነው፤ ኮመን በ1990 ዓ.ም. በስስ ጫማ የሮጠውን ከጌትነት ሰዓት ጋር ማነጻጸር አይገባም የሚሉ ነበሩ። ይሁን። ከኋላው የገቡትም የሮጡት በዚያው በአዲሱ የጫማ ዘመን ነው።

ለትውልድ አካባቢው ጌትነት የመጀመሪያው ስም አይደለም። የጎጃሞቹ እህትማማች ውዴ አያሌውና ሕይወት አያሌው ቀድመውታል፤ በዓለም ሻምፒዮና ውዴ በ2001 ዓ.ም. በርሊን ላይ በ10 ሺህ ሜትር ነሐስ ስታጠልቅ፣ ሕይወት በ2005 ዓ.ም. ሞስኮ ላይ በመሰናክል አራተኛ ወጥታለች፤ አዎ፣ እሷም አራተኛ። ከቡሬ ብዙ የማትርቀው ቲሊሊ ደግሞ በ2003 ዓ.ም. ዶሃ ላይ 3 ሺህ ሜትርን በ7:27.26 የጨረሰውን የኔው አላምረውን አፍርታለች።

ለሜቻ ሊዬቨን ላይ ያስመዘገበው ሰዓትም አሁን ከዝርዝሩ አናት ወርዷል፤ የካቲት 1 ቀን 2017 ዓ.ም. አሜሪካዊው ግራንት ፊሸር ክብረ ወሰኑን ወደ 7:22.91 አውርዶታል። ሰዓቶች መውረዳቸው ያለ ነው። አሳሳቢው ቀጣዩ ጌትነት የሚገኝበት በር ነው። በሰከላም ሆነ በቡሬ፣ በፍኖተ ሰላምም፣ አንድ የገጠር ልጅ ሯጭነቱ በሰው ዓይን የሚገባው በትምህርት ቤት ውድድር ነው፤ ከትምህርት ቤት ወረዳ፣ ከወረዳ ዞን፣ ከዞን ክልል። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በአማራ ክልል በተነሳው ግጭት በሚሊዮን የሚቆጠሩ ተማሪዎች ከትምህርት ገበታ ውጪ ሆነዋል፤ ያ መሰላል ከታችኛው እርከኑ ተሰብሯል። ያኔ 13 ዓመት የነበራቸው ልጆች ዘንድሮ 16 ሆኗቸዋል፤ ጌትነት ቢድጎሽች ላይ ሜዳሊያ ያጠለቀበት ዕድሜ ነው። የክልሉና የአገሪቱ አትሌቲክስ ፌዴሬሽኖች የትምህርት ቤቶቹን መከፈት ሳይጠብቁ፣ ሰላም ባለበት ከተማ ሁሉ ለእነዚህ ልጆች የማጣሪያ ውድድር ሊያዘጋጁላቸው ይገባል፤ ዘንድሮ።