ሰባቱ የጎጃም አውራጃዎችና የ1960 ዓ.ም ግብር

ጎጃም ለረጅም ዘመን የራሷ ገዥ ቤተሰብ ነበራት። ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት መንቆረር ላይ የማርቆስን ቤተ ክርስቲያን ተከሉ፤ ከተማዪቱም ደብረ ማርቆስ ተባለች። ልጃቸው ራስ ኃይሉ ግን ከዙፋን ወርደው ታስረው በነበሩት በልጅ ኢያሱ ማምለጥ እጃቸው አለበት ተብለው በ1924 ዓ.ም ተሻሩ፤ ግዛቱም ከማዕከል ለተላኩት ለራስ እምሩ ተሰጠ።

ጣሊያን ከወጣ በኋላ በ1934 ዓ.ም የወጣው የአስተዳደር ደንብ ገዥዎችን ለአገር ግዛት ሚኒስቴር ተጠሪ የሆኑ ደመወዝተኞች አደረጋቸው። ጎጃምም ጠቅላይ ግዛት ሆና ደብረ ማርቆስ፣ ሞጣ፣ ቢቸና፣ ቆላ ደጋ ዳሞት፣ ባሕር ዳር፣ አገው ምድርና መተከል በተባሉ ሰባት አውራጃዎች ተከፈለች። በወረቀት ላይ ትእዛዙ ከጠቅላይ ገዥው እስከ ወረዳው ቀጥ ብሎ ይወርድ ነበር። ታች መንደር ሲደርስ ግን የሚጠብቁት የመንደሩ ሹም ጭቃ ሹሙና በውርስ መሬት የያዘው ርስተኛ ነበሩ።

የዳሞት ገበሬ መሬቱን የሚያውቀው በካርታ አልነበረም። መሬቱን መጀመሪያ ካቀናው ዋና አባት ጀምሮ ትውልዱን በእናትም በአባትም ቆጥሮ ድርሻውን ይጠይቅ፣ ሽማግሌ ይመሰክር፣ ሙግቱም ዓመታት ይፈጅ ነበር። ለእንዲህ ያለ ሰው የመለኪያ ገመድ (ቀላድ) የያዘ ሹም መጣ ማለት ርስቱ ሊሄድ ነው ማለት ነበር። በ1960 ዓ.ም የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ወጥቶ ገማቾች ሲሰማሩም የታየው ያው ፍርሃት ነበር። ገበሬው ግብር ጠልቶ አመፀ የሚለውን አልቀበልም። በአስራት ስም ሲከፍል ኖሯል፤ የፈራው ግምቱ ነገ ልኬት እንዳይሆን ነው። ጠቅላይ ገዥው ደጃዝማች ፀሐዩ ዕንቁ ሥላሴ ደግሞ ቀደም ብለው ጠመንጃ አስመዝግቡ ብለው ነበር፤ በአርበኝነት ጣሊያንን ለተዋጋ አገር ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

አመፁ ሞጣንና ዳሞትን አዳረሰ። መንግሥት ጦር ላከ፣ መንደሮችም በአውሮፕላን ተደበደቡ። ገበሬው ግን አልተንበረከከም፤ በመጨረሻ ጃንሆይ ውዝፉን ግብር ማሩ፣ ጠቅላይ ገዥውም ተነሱ። የተነሱት ግን ወደ ከፋ ጠቅላይ ግዛት ተዛውረው ነው። በ1966 ዓ.ም በዚያ በከፋ ያለው የጅማ ሕዝብም እኚሁ ሰው ይነሱልን ብሎ አደባባይ ወጣ።