መናፈሻው ቀድሞ፣ ቤቱ ተከትሎ

ኮንዶሚኒየም ውስጥ የኖረ ሰው ይህን ስብሰባ ያውቀዋል። በብሎኮቹ መሀል ያለው ባዶ ቦታ መናፈሻ ይሁን ሲባል ሁሉም ያጨበጭባል። «ገንዘቡስ ከየት ይመጣል?» የተባለ እንደሆነ ግን ግማሹ ስልኩን ማየት ይጀምራል፤ ሌላው መኪናዬን የት ላቁም ይላል። እኔ ጥያቄው ደግ ጥያቄ ነው ባይ ነኝ። የሚያሳዝነኝ የሚነሳበት ጊዜ ነው፤ ሕንፃው አልቆ፣ ዕጣው ወጥቶ፣ ሰዉ ከገባ በኋላ!

አስቀድመው የጠየቁ ሰዎች አሉ። ከሊቨርፑል ወንዝ ማዶ በርከንሄድ የምትባል የእንግሊዝ ከተማ አለች። በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ በመርከብ ሥራና በወደብ ሳቢያ ሕዝብ ይጎርፍባት ነበር። አስተዳዳሪዎቿ እ.ኤ.አ. በ1843 ፓርላማውን አስፈቅደው በሕዝብ ገንዘብ 226 ኤከር፣ 91 ሄክታር ገደማ መሆኑ ነው፣ አብዛኛው ረግረግ የሆነ መሬት ገዙ። ብልሃቱ እዚህ ላይ ነው። 125 ኤከሩን ለመናፈሻ ለይተው ዳር ዳሩን ለቤት መሥሪያ ሸነሸኑት። መናፈሻ ፊት ለፊት ያለ ቦታ በውድ ስለሚሸጥ፣ ሽያጩ ወጪውን እንዲመልስ ታሰበ። ሀብታሙ መስኮቱን ሲከፍት ለሚያየው ይከፍላል፤ ወዛደሩ በነፃ ይንሸራሸራል ማለት ነው። ሽያጩ እንደታሰበው ባይፈጥንም መናፈሻው ግን ቆመ።

ንድፉ የጆሴፍ ፓክስተን ነው፤ ኋላ በ1851 የለንደኑን ክሪስታል ፓላስ የነደፈው። ረግረጉን አጠንፍፎ ሐይቅ አስቆፈረ፤ በወጣው አፈር ጉብታ ሠራበት። በ1847 ተመረቀ። በ1850 አንድ አሜሪካዊ እግረኛ በዚያ ሲያልፍ፣ ዳቦ ጋጋሪ መናፈሻውን ሳያይ እንዳይሄድ መከረው። መንገደኛው ፍሬደሪክ ሎው ኦልምስተድ ነበር። ድሃውም ሀብታሙም እኩል ሲጠቀምበት አይቶ ተገረመ፤ በ1858 ከካልቨርት ቮክስ ጋር ሆኖ የኒውዮርኩን ሴንትራል ፓርክ ንድፍ ውድድር አሸነፈ።

ወደ እኛ ሰፈር እንመለስ። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የጋራ ሕንፃ አዋጅ የጋራ መጠቀሚያውን የቤት ባለቤቶቹ የጋራ ንብረት አድርጎታል። እንደ በርከንሄድ የምንሸጠው ዳር መሬት ግን የለንም፤ ያለን መዋጮ ነው። የችግኝ መግዣውማ በአንድ እሑድ ይሰበሰባል። የአትክልተኛው ደመወዝና የውሃው ሒሳብ ነው በየወሩ የሚመጣው። በርከንሄዶች ገና መናፈሻው ሲሠራ ኤድዋርድ ኬምፕ የሚባል ተቆጣጣሪ ነበራቸው። እኛ ስብሰባ ላይ የአትክልተኛው ነገር የሚነሳው ሰዉ ወንበሩን መሰብሰብ ሲጀምር ነው።