73ኛው መስመር፦ በኮምፒውተር ዳግም የተካሄደ ውጊያ

የካቲት 19 ቀን 1983 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 26 ቀን 1991) ከሰዓት በኋላ፣ በደቡብ ኢራቅ በረሃ የአሸዋ አውሎ ነፋስ ይነፍስ ነበር። በሻምበል ኤች. አር. ማክማስተር የሚመራ የአሜሪካ ጦር 9 ታንኮችና 12 ብራድሌይ ተሽከርካሪዎች ይዞ ሲገሰግስ ከኢራቅ ሪፐብሊካን ዘብ ከተዋካልና ክፍለ ጦር ጋር ድንገት ተፋጠጠ። የዚህ ጦር ዋና ፍልሚያ የፈጀው 23 ደቂቃ ያህል ነው። የኢራቅ ታንኮች በየቦታቸው ነደዱ፤ ከማክማስተር ወገን አንድም ሰው አልሞተም። ስፍራው ከተማም መንደርም ስለሌለው ውጊያው የተጠራው በካርታ ላይ ከሰሜን ወደ ደቡብ በተሰመረ መስመር፣ በ73ኛው ነው።

ድሉ ብዙ ተወርቶለታል። ለእኔ ይበልጥ የሚያጓጓኝ ውጊያው እንዴት እንደተመዘገበ ነው።

የነገሩ ሥር ወደ ኋላ ይሄዳል። የአየር ኃይል መኮንኑ ጃክ ቶርፕ እ.ኤ.አ. በ1978 ባቀረበው ጽሑፍ፣ የማሠልጠኛ ሲሙሌተሮች እርስ በርስ ቢያያዙ ወታደሮች በቡድን መለማመድ እንደሚችሉ አመለከተ። እ.ኤ.አ. በ1983 የመከላከያ ምርምር ድርጅቱ ዳርፓ ሲምኔት የተባለውን ፕሮጀክት በእርሱ መሪነት ጀመረ። የሲምኔት ታንክ ከፋይበርግላስ የተሠራ ሣጥን ነበር። ለውጊያው የሚያስፈልጉት እጀታዎችና ቁልፎች ብቻ ይሠራሉ፤ ዋጋው የረከሰውም በዚህ ነው። ብልሃቱ በኔትወርኩ ላይም ይታያል፦ እያንዳንዱ ኮምፒውተር የሌላውን ታንክ ቀጣይ ቦታ ከፍጥነቱና ከአቅጣጫው እየገመተ ስለሚስል፣ አዲስ መልእክት የሚላከው ግምቱና እውነታው ሲራራቁ ብቻ ነው።

ከድሉ በኋላ የመከላከያ ትንተና ተቋም ባለሙያዎች ወደ በረሃው ወረዱ። የሠሩት ሥራ ከአንድ ጥንቁቅ የታሪክ ጸሐፊ ሥራ የሚለይ አይደለም። የተዋጉትን ወታደሮች አነጋገሩ፤ የተቃጠሉትን ታንኮች ቦታ ለኩ፤ አሸዋው ላይ የቀረውን የሰንሰለት ዱካ ተከተሉ፤ ሚሳይሎቹ እየጎተቱ ያለፉትን ቀጭን ሽቦ ሳይቀር ፈለጉ። የሬዲዮ ንግግር የተቀዳበት ካሴት ሰዓቱን ለማመሳከር ረዳቸው። ይህ ሁሉ በሲምኔት ቴክኖሎጂ ተቀናብሮ ተመልካቹ ከፈለገው ተሽከርካሪ ሆኖ ውጊያውን የሚያይበት መዝገብ ሆነ፤ እ.ኤ.አ. በ1992 ለአሜሪካ ሴኔት የመከላከያ ኮሚቴም ታየ።

መዝገቡ አንድ ጉድለት አለው፣ ጉድለቱም ቀላል አይደለም። ዋነኞቹ የቃል ምስክሮች አሸናፊዎቹ ናቸው። በነደዱት ታንኮች ውስጥ የነበሩት ኢራቃውያን ምን እንዳዩና ምን እንደታዘዙ ከሽቦና ከዱካ ማንበብ አይቻልም። ምስሉ ጥርት ባለ ቁጥር ይህ ጉድለት ከዓይን ይሰወራልና ተመልካቹ ሊዘነጋው አይገባም።

እንዲያም ሆኖ ተመራማሪው ስቲቨን ቢድል እ.ኤ.አ. በ1996 ባሳተመው ጥናት መዝገቡን በሚገባ ተጠቅሞበታል። ድሉ በምን መጣ ብሎ ጠየቀ፤ በጭስና በአቧራ ውስጥ ሙቀትን ለይቶ በሚያሳየው ማነጣጠሪያ ነው ወይስ በተዋጊዎቹ ችሎታ? ኢራቃውያኑ ታንኮቻቸውን መሬት ቆፍረው በማስገባት ፈንታ አሸዋ ዙሪያቸውን ከምረው ነበር። የተከመረ አሸዋ የታንክ ጥይት አያቆምም፤ ታንኩ ያለበትን ቦታ ግን ከሩቅ ያሳብቃል። ከፊት ያሰለፏቸው ቃፊሮችም በጊዜ አላስጠነቀቁም። ቢድል እነዚህ ስሕተቶች ታርመው፣ ወይም የአሜሪካኖቹ ማነጣጠሪያ ተነሥቶ ውጊያው በኮምፒውተር ሲደገም ያገኘው ውጤት ሌላ ነበር፤ የአሜሪካ ጉዳት እጅግ ጨመረ። ስለዚህ የመሣሪያው ብልጫ ያን ያህል የሠራው ከኢራቃውያኑ ስሕተት ጋር ስለተገናኘ ነው ሲል ደመደመ።

በእኔ ፍርድ የ73ኛው መስመር መዝገብ ከሁሉ የላቀ ጥቅም የሰጠው ለዚህ ጥናት ነው።