የጭላዳ ዝንጀሮ የራስ ቅል
ጓሳ፣ መንዝ። አጥንት።

መንጋጋ ጥርሶቹን ይመልከቱ፤ ዕድሜ ልኩን ሣር ሲፈጩ አልቀዋል። ሣሩን ቅጠል በቅጠል እየለየ የሚነቅለው በጣቱ ነው፤ ለዚህም ጥሩ ዕይታ ያሻዋል።

አሁን ወደ ቅሉ ኋላ ይዙሩ። ዓይን የላከውን የሚተረጉሙት የአንጎል ሴሎች እዚህ ነበሩ። እርጅና እነዚህን ሴሎች ከመግደል ይልቅ መራጭነታቸውን ይነሳቸዋል። በዘመዱ በሬሰስ ጦጣ ላይ እንደታየው፣ የወጣቱ ሴል በአንድ አቅጣጫ ለተጋደመ መስመር ብቻ ይነቃል፤ ያረጀው ግን ለመጣው ሁሉ። አንዱ ምክንያት ጋባ የተባለው ገቺ ኬሚካል መዳከሙ ነው። በ1995 ዓ.ም. በወጣ ጥናት ጋባ የተጨመረላቸው ያረጁ ሴሎች እንደገና መምረጥ መጀመራቸው ትልቅ ተስፋ ነው።

አያትዎ መነጽር አድርገውም «አልጠራኝም» ካሉ ይመኗቸው።