ከቀፊራ ግርጌ ያለው ምድር

በድሬዳዋ ከቀፊራ ገበያ ቆሞ ወደ ደቡብ የተመለከተ ሰው ዓይኑን የሐረር ተራራ ይመልሰዋል፤ ወደ ሰሜን የተመለከተ እንደሆነ ግን ምድሩ ዝቅ እያለ ወደ አፋር ቆላ ይዘረጋለታል። የባቡር ሐዲድ ሠሪዎች ያን ተራራ መውጣት ስለ ከበዳቸው ሐረርን ትተው በግርጌው ዐለፉ፤ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ የተቆረቆረችው በዚሁ ምክንያት ነው። ዳሩ ግን ደረጃው በዓይን የሚታየው ብቻ አይደለም። ከምድር ውስጥም ሌላ ደረጃ አለ፤ ያንንም የገለጠልን የመሬት መንቀጥቀጥ ነው።

የዚህ ጥበብ መነሻው ክሮኤሺያ ነው። መስከረም 28 ቀን 1902 ዓ.ም. በዛግሬብ አቅራቢያ ምድር ተንቀጠቀጠች። አንድሪያ ሞሆሮቪቺች የተባለው ሊቅ ከየሀገሩ የተሰበሰበውን መዝገብ ሲያስተያይ፥ ከሩቅ ጣቢያዎች የደረሰው ሞገድ ከታሰበው ጊዜ ቀድሞ አገኘው። በምድር ቅርፊት ውስጥ በሰከንድ 6 ኪሎ ሜትር ያህል የሚሮጠው ሞገድ፥ ከቅርፊቱ በታች ባለው ዓለት 8 ይሮጣል፤ ስለዚህ ወደ ጥልቁ ወርዶ የዞረው ቀደመ። በአስፋልት ዞሮ የመጣ መኪና በጭቃው አቋራጭ የመጣውን እንደሚቀድም ማለት ነው።

በሀገራችን የጂኦፊዚክስ ምርመራ ጣቢያውን በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ያቋቋሙት ካናዳዊው ካህን አባ ፒየር ጉዋን ናቸው። በግንቦት 1953 ካራ ቆሬና ማጀቴ፥ በመጋቢት 1961 ደግሞ ሰርዶ በመንቀጥቀጥ ተጎዱ። አባ ጉዋን የነገሥታቱን ዜና መዋዕል ሳይቀር መርምረው የዚህን ሁሉ ታሪክ በመጽሐፍ አኖሩልን፤ በበኩሌ ከመሣሪያው ይልቅ ይህን ትዕግሥታቸውን አደንቃለሁ።

የባሕር ማዶ መንቀጥቀጥ እንኳ ለእኛ ይሠራል። ፈጣኑ ሞገድ ከታች ወደ ቅርፊቱ ሲገባ ከፊሉ ወደ ዘገምተኛው ዓይነት ይለወጣል። ቅርፊቱ 40 ኪሎ ሜትር ከሆነ ዘገምተኛው 5 ሰከንድ ያህል፥ 20 ከሆነ ግን የዚያን እኩሌታ ብቻ ይዘገያል። በጥር 1995 ደግሞ የኢትዮጵያ፥ የእንግሊዝና የአሜሪካ ሊቃውንት ከ1000 በላይ መመዝገቢያዎችን በስምጥ ሸለቆው ዘርግተው፥ ፈንጂ እያፈነዱ ሞገዱን ራሳቸው ፈጠሩ።

ከእነዚህ ጥናቶች የተገኘው ይህ ነው፤ ከደጋው በታች ቅርፊቱ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ሲወፍር፥ በአፋር ወደ 25 ወርዶ በዳናክል 16 ገደማ ብቻ ይቀራል። እንግዲህ ቀፊራ ያለው ወፍራሙ ወደ ቀጭኑ በሚለወጥበት ዳርቻ ነው። መሳሳቱም አላቋረጠም፤ በመስከረም 1998 በአፋር በዳባሁ አካባቢ ምድር 60 ኪሎ ሜትር ያህል ተሰንጥቃ፥ ከሥር የገባው ቅልጥ ዓለት ሁለቱን ወገን በጥቂት ቀናት ውስጥ እስከ 8 ሜትር አራራቃቸው።