ማዕረጋተ ቅዱሳን፦ በጋስጫ ምድር የሚታወቀው የልቡና መሰላል

መካነ ሰላም፦ ሰው ከሚታየው ሥጋው ባሻገር የተሰወረ የውስጥ ዓለም አለው፤ ያም ዓለም በደረጃ ይገለጣል የሚሉ ትምህርቶች በብዙ አገር አሉ። እ.ኤ.አ. በ1875 በኒው ዮርክ የተመሠረተው የቴዎሶፊ ማኅበር የሰውን ባሕርይ በሰባት ይከፍላል፤ ነፍስም ደጋግማ እየተወለደች ታድጋለች ይላል። በምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋ የሚታወቀው ትምህርት ግን ከዚህ እጅግ የቀደመ ሲሆን፣ እድገቱን የሚፈልገው በዚሁ በአንዱ ሕይወት ውስጥ ነው።

የወፍጮው ደቀ መዝሙር

በቦረና ምድር የሚገኘው የጋስጫ ገዳም የሚታወቀው በመጽሐፈ ምሥጢርና በሰዓታት ደራሲው በአባ ጊዮርጊስ ነው። ሊቁ በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ተወልዶ በ15ኛው መጀመሪያ ዐርፏል፤ መታሰቢያውም ሐምሌ 7 ቀን ነው።

ገድሉ እንደሚተርከው፣ በሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ሲማር ትምህርቱ አልገባ ብሎት እህል እየፈጨ መነኮሳቱን ያገለግል ነበር። በእመቤታችን ሥዕል ፊት በዕንባ ሲለምን ቆይቶ ጽዋዐ ልቡና ጠጣ፤ ምሥጢርም ተገለጠለት። በትረካው ድካሙና ትሕትናው ከመገለጡ ይቀድማሉ።

ሦስቱ ንጽሕናዎች

የደረጃዎቹ ትምህርት የሚሰጠው በመጻሕፍተ መነኮሳት ጉባኤ ነው። መጻሕፍቱ ማር ይስሐቅ፣ ፊልክስዩስና አረጋዊ መንፈሳዊ ሲሆኑ፣ ምንጫቸው የሶርያ አባቶች ድርሰት ነው። በትርጓሜ ትምህርት ቤት ከብሉይ፣ ከሐዲስና ከሊቃውንት ጋር አራተኛ ጉባኤ ሆነው ይቆጠራሉ። ዐሥሩ ማዕረጋት በሦስት ይከፈላሉ።

ንጽሐ ሥጋ፦ ጽማዌ አንደበትን መግታት፣ ልባዌ ማስተዋል፣ ጣዕመ ዝማሬ ደግሞ ጸሎትና ዝማሬ ለልብ መጣፈጡ ነው።

ንጽሐ ነፍስ፦ አንብዕ ስለ ራስና ስለ ሌላው ማልቀስ ነው። ኩነኔ የነፍስ ፈቃድ የሥጋን ፈቃድ መግዛቱ ነው። ፍቅር ጻድቁን ከኃጥኡ፣ ወዳጁን ከጠላቱ ሳይለዩ መውደድ ነው። ሑሰት ርቀት የማያግደው የመንፈስ እንቅስቃሴ ነው።

ንጽሐ ልቡና፦ ንጻሬ መላእክት መላእክትን ማየት፣ ተሰጥሞ በብርሃን ባሕር መስጠም፣ የመጨረሻው ነጽሮተ ሥላሴ ነው።

የጎረቤት ትምህርት

ወሎ የሁለት ሃይማኖቶች ቤት እንደ መሆኑ፣ ተመሳሳይ ሐሳብ በሱፊ መሻይኾችም ዘንድ ይገኛል። የቃዲሪያ ጦሪቃ በወሎ ሲስፋፋ እንደ ጀማ ንጉሥ ያሉ የትምህርት ማዕከላት ታላቅ ድርሻ ነበራቸው። ሱፊዎች ከቁርኣን በመነሣት ክፉን ስለምታዝዝ፣ ራሷን ስለምትወቅስና ስለተረጋጋች ነፍስ ያስተምራሉ። በዚህም መንገድ ነፍስ ወደ ዕረፍት የምትደርሰው ራሷን ከወቀሰች በኋላ ነው። ሁለቱ ሃይማኖቶች በእምነታቸው ቢለያዩም፣ መንገዱ ራስን ከመግዛት እንደሚጀምር ይስማማሉ።

ቅደም ተከተሉ ለምን ይጠቅማል?

ማዕረጋቱ የተጻፉት ለመነኮሳት ቢሆንም፣ ቅደም ተከተላቸው ለገበሬውም ለከተማ ነዋሪውም መለኪያ ይሆናል። ታሞ ወይም ከብት ጠፍቶበት የተጨነቀ ሰው «የተሰወረውን አያለሁ፤ ገንዘብ አምጣ» የሚል ቢገጥመው፣ ሊጠይቀው የሚገባ ነገር አለ። መላእክትን ማየት የተቀመጠው ስምንተኛው ላይ ነው። አንደበትን መግታት አንደኛ፣ ሰውን ሁሉ መውደድ ስድስተኛ ነው። የፊተኞቹ ሳይታዩበት የኋለኛውን ደረስሁበት የሚለውን ሰው ትምህርቱ ራሱ አይቀበለውም። ማር ይስሐቅም ራስን ማየት መላእክትን ከማየት እንደሚበልጥ ያስተምራል።

ሥራ የበዛበት ሰውም ቢሆን የመጀመሪያዎቹን እርከኖች ለመጀመር ገዳም መግባት አይጠበቅበትም። በጠብ መካከል ዝም ማለት፣ የሰሙትን ማስተዋልና የጎረቤትን ኀዘን እንደ ራስ ኀዘን መቍጠር በእርሻም፣ በገበያም፣ በቤትም የሚለመዱ ናቸው።