ዕቃው መንገድ ላይ ቢጠፋ ኪሳራው የማን ነው? የውጭ ግዢ ሙያ ሲቃኝ

በአንደኛው ክፍለ ዘመን አንድ ነጋዴ ስለ ቀይ ባሕር ንግድ በግሪክኛ በጻፈው መመሪያ ላይ በአዱሊስ ወደብ የሚፈለጉትን ዕቃዎች ዘርዝሯል፦ ከግብፅ የሚመጣ ጨርቅ፣ ናስ፣ ብረት፣ መጥረቢያ፣ ሰይፍ፣ ጥቂት የወይን ጠጅ፣ ጥቂት የወይራ ዘይት። ለንጉሡ ደግሞ ለብቻው የወርቅና የብር ዕቃ። በምላሹ የዝሆን ጥርስ፣ የኤሊ ቅርፊትና የአውራሪስ ቀንድ ይወጣል። ዝርዝሩ የዛሬን የግዢ መጠየቂያ ሊተካ የሚችል ነው። የጎደለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ መርከቡ ቢሰጥም ማን እንደሚከስር አይናገርም። የውጭ ግዢ ሙያ ታሪክ በአመዛኙ ለዚህ ጥያቄ መልስ የመፈለግ ታሪክ ነው ብዬ አምናለሁ።

ለረጅም ዘመን የሚከስረው ዕቃውን ይዞ የመጣው ሰው ነበር። ከጎንደር ወደ ምጽዋ፣ ከሸዋ ወደ ዘይላ የሚወርዱት ሲራራ ነጋዴዎች ገዢም፣ ሻጭም፣ አጓጓዥም እነሱው ነበሩ። በቅፍለት ሆነው በነጋድራስ እየተመሩ፣ በየኬላው ቀረጥ እየከፈሉ ይጓዛሉ። ሽፍታ ቢዘርፋቸው ወይም አጋሰሱ ገደል ቢገባ ካሳ የሚጠይቁት ሰው የለም።

ይህ አሠራር ለገዢው ምን ያህል እንደሚመች በ1887 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ አሳይተዋል። ፈረንሳዊው ገጣሚ አርቱር ራምቦ ግጥሙን ትቶ ጠመንጃ ነጋዴ ሆኖ ነበር። ሁለት ሺህ ያህል ጠመንጃ በግመል ጭኖ፣ ከታጁራ ተነሥቶ፣ በረሃውን አቋርጦ ሸዋ ደረሰ። ሸሪኮቹ ሞተውበታል፤ የአንደኛው አበዳሪዎችም ከበው ይዘውታል። ንጉሡ ዋጋውን ቆረጡበት። ገንዘቡንም እዚያው አልቆጠሩለትም፤ ሐረር ወርዶ ከደጃዝማች፣ በኋላ ራስ፣ መኮንን እንዲቀበል ጽፈው ሰደዱት። ራምቦ ምን አማራጭ ነበረው? ያን ሁሉ ጠመንጃ ይዞ ወደ ባሕር አይመለስ። ምኒልክ የተደራደሩት ሻጩ ወጪውንና አደጋውን ሁሉ ተሸክሞ ደጃቸው ከደረሰ በኋላ ነው። ዛሬ ነገሩ ተገላብጧል፤ ከሻንጋይ በኤፍኦቢ የገዛነው ዕቃ ገና እዚያው መርከብ ላይ ሲጫን አደጋው የእኛ ይሆናል።

ግዢን ራሱን የቻለ ሙያ ካደረጉት ነገሮች ዋናው ባቡር ነው። ሐዲድ፣ ከሰልና ብሎን በየቀኑ የሚፈልግ ድርጅት በባለቤቱ ዓይን ብቻ አይገዛም። የአሜሪካው ፔንስልቬንያ የባቡር ኩባንያ በ1860ዎቹ ለግዢ ብቻ የቆመ ክፍል አደራጀ። የአሜሪካ ገዢዎች በ1915፣ የእንግሊዝ ገዢዎች በ1932 ማኅበር መሠረቱ፤ የኋለኛው ዛሬ ሲፕስ የሚባለውና የምስክር ወረቀቱ በብዙ አገር የሚታወቀው ተቋም ነው። በእኛም አገር ባቡሩ በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ ደረሰ። በዚያ ዘመን በንግድና በጉምሩክ ሥራ ላይ የነበሩት ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ጥሬ ዕቃ እየሸጠ የተሠራ ዕቃ የሚገዛ አገር እንደሚጎዳ አስረድተው ጽፈዋል። የውጭ ግዢ ሠራተኛ ሁሉ ሥራ ሲጀምር ቢያነባቸው እወዳለሁ፤ የሚያወጣው ዶላር ገበሬው በቡና ያመጣው ነውና።

ለአደጋው ጥያቄ የተጻፈ መልስ የመጣው ከፓሪስ ነው። በ1919 የተቋቋመው ዓለም አቀፉ የንግድ ምክር ቤት በ1936 ኢንኮተርምስ የተባሉትን ደንቦች አወጣ። ለብዙ ዓመታት በኤፍኦቢ ውል አደጋው ከሻጭ ወደ ገዢ የሚሻገረው ዕቃው የመርከቡን ጠርዝ ባለፈበት ቅጽበት ነበር። ክሬኑ ጭነቱን አንጠልጥሎ ሲያዞር ገመዱ ቢበጠስና ዕቃው ጠርዙን ሳያልፍ ቢወድቅ ኪሳራው የሻጩ፣ አልፎ ቢወድቅ የገዢው ነው። የ2010 እትም ይህን አስቀርቶ ዕቃው መርከቡ ላይ ሲያርፍ አደረገው። ጀማሪዎችን ይበልጥ የሚያሳስታቸው ግን ሲአይኤፍ ነው። «ሲአይኤፍ ጅቡቲ» ማለት ሻጩ የመርከብ ኪራይና ኢንሹራንስ እስከ ጅቡቲ ከፍሏል ማለት እንጂ እስከ ጅቡቲ ለሚደርሰው አደጋ ኃላፊ ነው ማለት አይደለም። ስንቱ ነው ይህን ዕቃው ከተበላሸ በኋላ የሚያውቀው!

በኤልሲ (ባንክ ሰነድ ሲቀርብለት ሊከፍል ቃል በሚገባበት ደብዳቤ) ሲከፈል ደግሞ ባንኩ የሚያየው ዕቃውን ሳይሆን ወረቀቱን ነው። ኢንቮይሱ፣ ፓኪንግ ሊስቱና ቢል ኦፍ ሌዲንጉ ከኤልሲው ጋር ከተስማሙ ሳጥኑ ውስጥ አሸዋ ቢኖር እንኳ ባንኩ ይከፍላል። ዕቃው እንከን ሳይኖረው ከተወሰነው ቀን አንድ ቀን ዘግይቶ ቢጫን ግን ሰነዱ ጉድለት አለበት ተብሎ ክፍያው ሊያዝ ይችላል። ስለዚህ ጠንቃቃ ገዢ ዕቃው ሳይጫን በገለልተኛ መርማሪ ያስፈትሻል፤ የምርመራው ሰርተፍኬትም ለክፍያ ከሚቀርቡት ሰነዶች አንዱ እንዲሆን ኤልሲው ላይ ያስጽፋል። ይህን ሁሉ የሚያውቅ ሰው በየመሥሪያ ቤታችን ክብር ሳይሆን የኮሚሽን ጥርጣሬ ሲደርስበት ያሳዝነኛል። ሌባ የለም አልልም፤ ነገር ግን መሥሪያ ቤቱን ከኪሳራ ያዳነ አንድ መስመር ጽሑፍ ማንም ሳያየው ፋይል ውስጥ ይቀራል።

ከ1936ቱ ደንቦች ወዲህ ያለው ሩጫ ነው። በ1956 አይዲያል ኤክስ የተባለችው መርከብ 58 ኮንቴይነር ጭና ከኒው ጀርሲ ወደ ቴክሳስ ሄደች፤ በ1957 የካንቶን የንግድ ትርዒት በጓንጁ ተከፈተ። የስዊዝ ቦይ ከ1967 እስከ 1975 ተዘጋ። በ1998 ከኤርትራ ጋር በተነሣው ጦርነት የአሰብ ወደብ ቀረብንና ጭነታችን ወደ ጅቡቲ ዞረ።

በአገራችን የሙያው ትልቁ ፈተና ለዓመታት የውጭ ምንዛሪ ወረፋ ነበር። ዋጋ አወዳድሮ፣ ፕሮፎርማ አስመጥቶ፣ ባንክ ደጅ ሲጠና ፕሮፎርማው ጊዜው ያልፍበታል፤ ከሻጩ ጋር እንደገና ከአንድ ይጀመራል። በሐምሌ 2024 ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ አንድ ዶላር ከ57 ብር አካባቢ ተነሥቶ በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር አለፈ። በብር ዋጋ ቆርጦ የአቅርቦት ውል የፈረመ አስመጪ ያን ልዩነት ከየት ያመጣል? ኢንኮተርምስ ስለ ምንዛሪ አይናገርም፤ ባንኩም አይሸከምለትም። አሁን ወደ ሙያው የሚገቡ ወጣቶች ኤልሲ መክፈትን ከመልመዳቸው በፊት የዋጋ ማስተካከያ አንቀጽ መጻፍንና ሌላው ወገን እንዲቀበለው መደራደርን መማር አለባቸው።